ሰማያዊው ሸራ

አንዲት ምላሷ ምላጭ የሆነ ቲማቲም ሻጭ ነበረች። ክረምት ገብቶ ጣራዋ ቢያፈስባት ሰማያዊ ሸራ አለበሰችው።

አንድ ቀን የከተማው ፕላን ኃላፊ አቶ ዘርጋው ኮምፒውተራቸውን ታቅፈው ቤቷ ዘው አሉ። ያለቻትን አንዲት በርጩማ ይዘው ተቀመጡና ስክሪኑን አዞሩላት።

"ይኸውልሽ፣ ሳተላይት ከሰማይ ያነሳው ፎቶ ነው። ጎርፉ ወዴት እንደሚሄድ ኮምፒውተሩ በዚህ ያሰላል። ያንቺ ቦታ ሰማያዊ ስለሆነ ኩሬ ነው ብሏል። ኩሬ ውስጥ ደግሞ ሰው አይኖርም፤ ነገ ትለቂያለሽ!"

"ኧረ ጌታዬ፣ እሱኮ ሸራዬ ነው! ወጣ ብለው ጣራውን ቀና ብለው ይዩት።"

"ምን አስወጣኝ? ኮምፒውተር አይሳሳትም! ኩሬ ካለ ኩሬ ነው!" ብለው ጮኹባት። ከጩኸቱ ብዛት ጉሮሯቸው ደረቀና ሳል አጣደፋቸው።

"በይ እስቲ... እባክሽ... ትንሽ ውሃ..."

ሴትዮዋ ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም።

"ውይ በሞትኩት! ኩሬ መሃል ተቀምጠው ውሃ ይለምናሉ እንዴ? ጎንበስ ብለው ይጠጡ እንጂ!"

አቶ ዘርጋው ደረቁን ወለል አዩ፤ እሷንም አዩ። ከዚያ እያሳሉ ኩሬውን ከስክሪኑ አጠፉና "ቤት" ብለው ጻፉበት።

ውሃው ያኔ በጣሳ ሙሉ መጣላቸው።