ታርጋ የሌለው ሞተር
አንድ ሰውዬ ከአባቱ የወረሰው፣ ታርጋ የሌለው አሮጌ ሞተር ነበረው። የአሮጌ ሞተሮች ክበብ አባል ስለሆነ ያለ ታርጋ እንዲነዳው ፈቃድ ተሰጥቶታል። ፈቃዱ ግን ለሕዝብ ትርኢት ካልሆነ መንገድ ላይ እንዳትወጣ ይላል። እሱ ሆዬ አንድ ቀን ልጅ ያዘለች ሚስቱን ከኋላ አስቀምጦ ገበያ ሲሄድ የትራፊክ ፖሊስ አለቃ አስቆመው።

አለቃው ሲናገር ሰው እንዲሰማው ይወዳል። "ይሄ ሞተር ይወረሳል!" ብሎ ሲጮህ ሰፈርተኛው ግር ብሎ መጥቶ ከበባቸው። ሚስትየው በድንጋጤ ልጇን ጥብቅ አደረገች።

"ኧረ ጌታዬ፣ ፈቃድ አለኝ" አለ ሰውዬው።

"ለትርኢት ነዋ! እስቲ ትርኢቱ የታለ? አሳየኝና ልልቀቅህ!"

ሰውዬው ከቧቸው የቆመውን ሕዝብ ዞር ዞር ብሎ አየና እጅ ነሳ።

"ይኸው ጌታዬ፣ ተመልካቹ ሞልቷል፤ የክብር እንግዳውም ንግግር እያደረጉ ነው።"