የሰኔው ማካሮኒ

መቂ ላይ አንድ ሰው ያልለመኑትን ነገር ሲያደርግ ተይዞ «ለደግ ብዬ እኮ ነው» ያለ እንደሆነ፣ የሰማው ሁሉ አንዲት አባባል ወርውሮበት ያልፋል። አባባሏን ሕፃን ሽማግሌው ያውቃታል። መነሻዋን ግን በትክክል ያወራ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። አንዱ የሠርግ ድስት ነበር ይላል፤ ሌላው የተዝካር ነው ብሎ ይገዘታል። ውሸት! ሠርግም ተዝካርም አልነበረም። ማካሮኒ ነበር፤ ያውም በቲማቲም ብቻ የተሠራ የድሃ ማካሮኒ። ያበሰለችው ሴት ደብሪቱ ትባላለች፤ የዚያን ቀን እንዴት እንደተናደደች ያየ ሰው እስከ ዛሬ ያወራዋል።

ደብሪቱ ጌጡ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበራት፤ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። እናታቸው እማማ ዘነቡ ከሁለቱ ሌላ ልጅ የላትም። እነዚህ ሁለት የአንድ ማሕፀን ልጆች ታዲያ ስድስት ዓመት ሙሉ ተኳርፈው ኖሩ። እማማ ዘነቡ በሦስት ቀን ሕመም ስትሞት ጌጡ ናዝሬት ነበር። መቂ የደረሰው በተቀበረች ማግሥት ነው። እናቱን አልቀበረም። ድንኳኑ ውስጥ ቆሞ፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ፣ «እትዬ፣ እናቴን ደብቀሽኛል! ከዛሬ ወዲያ ያንቺን ቤት ውሃ ብቀምስ የእናቴ አጥንት ይፋረደኝ!» ብሎ ማለና ወጣ።

ደብሪቱም አልለመነችውም። እሷ ወንድሟ ጋ ሰው ልካ ነበር። «ልኬበት ያልመጣው እሱ፣ ደባቂዋ እኔ! ከእናቱ ጭነቱ በለጠበት» አለችና አመረረች። ልጇን ስትድር አልጠራችውም። እሱ ወገቡን ታሞ ሲተኛ አልጠየቀችውም። ገበያ ላይ ድንገት ከተገናኙ አንደኛቸው መንገድ ይቀይራል። እልኸኛ ቤተሰብ ነው፤ በእልህ ማንም አይችላቸውም።

በመጨረሻ አቶ ቱሉ ገቡበት። አቶ ቱሉ በመንደሩ ስንቱን የተጣላ ያስታረቁ ሽማግሌ ናቸው፤ የሚያስታርቁበትም መንገድ አንድ ነው። «ያለፈው አይነሣም» አሏቸው ሁለቱንም፣ ለየብቻ። «ማን ላከ፣ ማን ቀረ ብሎ ነገር የለም። ቁስል አይነካካም። አብራችሁ ትበላላችሁ፣ ትሳሳማላችሁ፣ አለቀ።»

ጌጡ ብዙ አንገራግሮ እሺ አለ። የንስሐ አባቱም መሐላውን ፈቱለት፤ በእናትህ አጥንት መማል አልነበረብህም ብለው ግን የዚያን ዓመት የሰኔ ጾም አንድ ቀን ሳያጎድል እንዲጾም ቀኖና ሰጡት። እሱም በበኩሉ አንድ ነገር ጠየቀ።

«የማልኩት በእናቴ ነው፤ የምበላውም የእናቴን ምግብ ነው» አላቸው አቶ ቱሉን። «የሰኔውን ማካሮኒ ትሥራልኝ፤ ልክ እንደ እማማ አድርጋ። ሌላ ነገር ካቀረበችልኝ ተነሥቼ እሄዳለሁ።»

ይህን ሲነግሯት ደብሪቱ አለቀሰች። እማማ ዘነቡ በወጣትነቷ የአትክልት እርሻ ካምፕ ውስጥ ለሠራተኞች ታበስል ነበር። ፈርጦ ለገበያ የማይሆነውን ቲማቲም በቅርጫት ይሰጧታል፤ እሷም ለልጆቿ ማካሮኒ ትሠራበታለች። የሰኔን ጾም አጉድላ ስለማታውቅ ማካሮኒው የሰኔ ምግብ ሆኖ ቀረ። የሆቴል ማካሮኒ እንዳይመስላችሁ፤ ለብቻው ተቀቅሎ፣ ተጠንፍፎ፣ ስጎ ከላይ የሚደፋበት አይደለም። ሽንኩርቱ በዘይት ቁልት ይላል፤ ቲማቲሙ ይላጥና በእጅ ተጨፍልቆ ይገባል፤ ጨው፣ ኮምጣጣነቱን የሚሰብር ቁንጥር ስኳር። ከዚያ ጥሬው ማካሮኒ እዚያው ቲማቲሙ ውስጥ ይገባና፣ ጠብ ጠብ ውሃ እየተደረገበት እስኪልም ይበስላል። ሊወጣ ሲል አንድ ቃሪያ። በቃ! ነጭ ሽንኩርት የለ፣ በርበሬ የለ፣ ምንም የለ።

ቀኑ ማክሰኞ ሆነ፤ ጾሙ ከገባ ሳምንቱ ነው። ደብሪቱ ከጧት ጀምራ ቲማቲም ስትመርጥ፣ ስትልጥ ዋለች። የእናቷን ጆሮው የተሰበረ አሮጌ ድስት ከቁም ሣጥን ላይ አውርዳ አጠበችው። ስድስት ዓመት እሳት ላይ ጥዳው አታውቅም።

ጎረቤቷ አስካለ ልታግዛት መጥታለች። ይህቺን ሴት በደንብ እወቋት። አስካለ ክፉ አይደለችም። ክፉ ብትሆን በተሻለ ነበር፤ ክፉን ሰው ይጠነቀቁታል። እሷ ግን ደግ ናት፤ ሰው ሳይጠራት የምትደርስ፣ ሳይሰጧት የምትሸከም። ድስቱን ከፍታ አየችና ፊቷ ተኮማተረ።

«ደብሬ፣ ለእርቅ የምታቀርቢው ይህን ነው?»

«ይህንኑ ነው።»

«እንዴ! ሽማግሌ ይመጣል፣ ስድስት ዓመት የተለየሽ ወንድምሽ ይመጣል፣ አንቺ የካምፕ ምግብ! ዶሮው ቢቀር ቅቤ እንኳ ጠብ ቢልበት ምን አለ?»

«ሰኔ ጾም ገብቷል፣ አስካለ።»

«ኤዲያ! የሰኔ ጾም እኮ የቄስ ነው! ደግሞ ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ ረቡዕ አይደል፣ ዓርብ አይደል።»

«የቄስም ይሁን የጳጳስ፣ ጌጡ ይጾማል። እናቴ የምትሠራው ይህን ነው፤ እሱም ያለው ይህን ነው። በሞቴ አስካለ፣ ምንም እንዳትነኪብኝ!»

«ኧረ እኔ ምን አደረግኩ!» አለችና አስካለ አኮረፈች። ትንሽ ቆይታ «መጣሁ» ብላ ወደ ቤቷ ሄዳ ተመለሰች፤ ስትመለስ በነጠላዋ ሥር አንድ ነገር ይዛለች። ደብሪቱ አላየችም። ልቧ በር በሩን ነበር የሚያየው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። «መጡ! እንዳያርር ብቻ እያማሰልሽ ቆዪልኝ» ብላ ደብሪቱ ሮጠች።

ጌጡ ሸብቷል። ደብሪቱ ይህን አላሰበችውም ነበር፤ በሐሳቧ ያው የድሮው ጌጡ ነበር የሚመጣው። አልተሳሳሙም፤ መጀመሪያ ይበላል ተብሏል። «ደኅና ዋልሽ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። «ደኅና ዋልክ» አለች። አቶ ቱሉ በመካከላቸው ተቀመጡ። እጅ ታጠቡ። አስካለ ሳህኑን ራሷ ይዛ ገባች፤ ፈገግ ብላለች፤ አስቀምጣ ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች። አቶ ቱሉ መርቀው ሲያበቁ ጌጡ ማንኪያውን አነሣ።

ደብሪቱ አፉን አፉን ታያለች። አንድ ጊዜ ጎረሰ። አላመጠ። ከዚያ ማላመጡን አቆመ። ፊቱ ጠቆረ። በመዳፉ ላይ ተፋው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ማካሮኒ ነዋ፤ የእማማ ማካሮኒ…»

«እማማ በሰኔ ቅቤ አብልታን ታውቃለች?»

«ቅቤ? የምን ቅቤ?»

«ቀኖና ላይ እንዳለሁ እያወቅሽ!» ሳህኑን ገፍቶ ብድግ አለ። «ስድስት ዓመት ጠብቀሽ፣ ቤትሽ ጠርተሽ ጾሜን ታስገድፊኛለሽ? እናቴን ነጠቅሽኝ፣ አሁን ደግሞ ነፍሴን! ጋሽ ቱሉ፣ አላልኩዎትም? ይቺ ሴት ልቧ ድንጋይ ነው አላልኩዎትም?» ኮቱን አንሥቶ ወደ በሩ አመራ።

ደብሪቱ ጣቷን ሳህኑ ውስጥ ነክራ ቀመሰች። ኮረሪማና ኮሰረት። የተነጠረ ቅቤ! ደሟ አናቷ ላይ ወጣ። ወደ ወጥ ቤት ገባች። አስካለ ማማሰያውን ይዛ፣ በአጠገቧ የተከፈተ የቅቤ ጣሳ አስቀምጣ ትጠብቃለች።

«እህ፣ ወደዱት?»

«ምን ጨመርሽበት?»

«ትንሽ ነው እኮ፤ ሁለት ማንኪያ። ቢበዛ ሦስት። ባዶውን ሲቀርብ ላንቺው አፍሬ ነው። ደግሞ ከራሴ ቤት ያመጣሁት ነው፤ ያንቺን አልነካሁም!»

ደብሪቱ ድስቱን በነጠላዋ ጫፍ ብድግ አድርጋ ወጣች። አቶ ቱሉ «ልጄ፣ ተረጋጊ» ሲሉ አልሰማቻቸውም። ጌጡ የግቢውን በር ሲከፍት ደረሰችበትና ድስቱን እግሩ ሥር ገለበጠችው። ያ ሁሉ ማካሮኒ፣ ያ ሁሉ ቲማቲም፣ የሰኔ ጭቃ ላይ ተዘረገፈ።

«ይኸው!» ብላ ጮኸች። «እኔ አይደለሁም! የእናቴን ምግብ የማረክስ ሴት አይደለሁም! እናትህንም አልደበቅኩህም! ሰኞ ጧት ‹እማማ ልትሞት ነው፣ ዛሬውኑ ድረስ› ብዬ አልላክሁብህም? ማክሰኞ እስክትሞት በሩን በሩን ስታይ አልነበረም? አንተ ነህ የቀረኸው! አንተ!»

«ያለፈው አይነሣም ብለናል!» አሉ አቶ ቱሉ ከበረንዳው ላይ።

«ይነሣል! ዛሬስ ይነሣል!»

ጌጡ የበሩን እጀታ ለቀቀ። «ምን ብለሽ ነው የላክሽብኝ?»

«ልትሞት ነው ብዬ!»

«የምን ልትሞት! ‹እማማን ትንሽ ጉንፋን ብጤ ይዟታል፤ ሥራህን ጨርሰህ ብቅ በል› ነው የተባልኩት! እኔም ጭነቴን አድርሼ ሐሙስ መጣሁ! ጉንፋን ብለሽ ቀበርሻት!»

«ጉንፋን? ጉንፋን የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም! ማነው እንዲህ ያለህ?»

ጌጡ እጁን ዘርግቶ በትከሻዋ ላይ ወደ ወጥ ቤቱ አመለከተ። አስካለ ጣሳዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች።

ደብሪቱ አሁን ትዝ አላት። ያን ሰኞ ከእናቷ አልጋ መላቀቅ አልሆነላትም። አስካለ ዕቃ ልታመጣ ናዝሬት ትሄድ ነበር፤ መልእክቱን የሰጠቻት ለእሷ ነው። ጌጡም አስካለ ያደረሰችው የእኅቱን ቃል መስሎት ስድስት ዓመት ቂም ያዘ። እነሱ አልተነጋገሩ፣ አቶ ቱሉም ያለፈው አይነሣም ብለው ዘጉት። ማን ያውጣው?

«አስካለ» አለች ደብሪቱ። ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ይህ ከጩኸቱ የባሰ ነው። «ምን ብለሽ ነገርሽው?»

«እኔማ… ሾፌር አይደለም እንዴ? ‹እናትህ ልትሞት ነው› ብዬው ደንግጦ መኪናውን ቢገለብጥስ? ለሰው ክፉ ነገር እንዲህ በድፍኑ ይነገራል? ትንሽ ለስለስ አደረግኩት። ማን በማግሥቱ ትሞታለች ብሎ አሰበ!»

«ስድስት ዓመት ስንባላ ታዲያ አፍሽን ማን ያዘው?»

«ነገሩ እንዳይከር ብዬ ነዋ! ለደግ ብዬ እኮ ነው!»

እዚህ ላይ እኔ ራሴ ሳወራው ደሜ ይፈላል። ደብሪቱ ባዶውን ድስት በሁለት እጇ አነሣችና ሄደችባት። ጌጡ ከኋላ ደርሶ ክንዷን ያዘ። ስድስት ዓመት ነክቷት አያውቅም።

«ተይ እትዬ» አለ፣ ጥርሱን ነክሶ። «ድስቱ የእማማ ነው።»

ደብሪቱ ድስቱን አየችው። ከዚያ ወንድሟን አየችው። ድስቱን እሱ ተቀበላት። እሱም ያለቅሳል፣ እሷም ታለቅሳለች፤ ግን ሁለቱም ገና እንደተቆጡ ናቸው፤ አፋቸው የእርቅ ቃል አላወጣም።

«ጥሬ ማካሮኒ ተርፏል?» አላት፣ እንደሚጣላ ሰው።

«ግማሽ እሽግ አለ።»

«ጣጂው። ቲማቲሙን እኔ እልጣለሁ። ይቺ ሴትዮ ግን ከዚህ ግቢ ውልቅ ትበልልኝ! ዓይኗን እንዳላይ!»

አስካለ ጣሳዋን አቅፋ፣ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች አቶ ቱሉ ፊት ቆመች። «ጋሽ ቱሉ፣ እርስዎ ይፍረዱኝ። እኔ ምን አጠፋሁ? ቅቤው የራሴ፣ ድካሙ የራሴ!»

አቶ ቱሉ እሳቸውም ተናደዋል፤ በእሷም፣ ያለፈው አይነሣም እያሉ በዘጉት በራሳቸውም። ጭቃው ላይ የተዘረገፈውን ማካሮኒ ዶሮዎች እየለቀሙት ነው። በዱላቸው ወደዚያ ጠቆሙና «አስካለ ልጄ፣ የሰው ቃል እንደ ሰጡሽ አድርሺ፤ የሰውም ድስት እንዳዘዙሽ አማስዪ፤ ያልታዘዘ ቅቤ ድስት ያስደፋል» አሏት።