ሽማግሌው፣ ትንሿ ውሻና አሳቢው ልጅ

አንድ ጡረታ የወጡ አናጢ በአንዲት ትንሽ ከተማ ይኖሩ ነበር። ስማቸው አቶ ሽብሩ ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ከእሳቸው ሌላ የቀረችው ነፍስ አንዲት ትንሽ ውሻ ብቻ ነበረች። አንድ ጆሮዋ የቆመ፣ አንዱ የወደቀ፣ ቤት ጠባቂ ልትባል የማትችል፣ ድመት ሲቆጣት የምትደበቅ ውሻ ናት። ከማነሷ የተነሳ ድንቢጥ ብለው ጠሯት።

ጠዋት ፀሐይዋ ሞቅ ስትል አቶ ሽብሩ ከዘራቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ድንቢጥ ትቀድማለች። ከአጥሩ ጥግ ጎረቤታቸው አቶ እንድሪስ ይጠብቋቸዋል። አቶ እንድሪስ ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና መሪ ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች በከተማዋ ዳር የሚወርደውን ወንዝ ይዘው ቁልቁል ይሄዳሉ። ከትልቁ ሾላ ሥር ሲደርሱ ጉሬዛዎቹ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ፤ ድንቢጥ ከታች ሆና ትጮህባቸዋለች፤ ጉሬዛዎቹ ከቁብ አይቆጥሯትም። ሽማግሌዎቹ በዚህ በየቀኑ ይስቃሉ።

ከዚያ ወሬ ነው። ስለ ሞቱት ሚስቶቻቸው፣ ስለ መንግሥት፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ወንዙ ዘንድሮ ለምን እንደቀነሰ። ወንዙ ዳር ስለምትታይ አንዲት ሰማያዊ ወፍ ስም ለወራት ተከራክረዋል። አንዳቸውም ስሟን አያውቁትም።

"አንተ ሰውዬ፣ የማታውቀውን አውቃለሁ አትበል" ይላሉ አቶ ሽብሩ።

"በመኪና ስዞር ስንት አገር ያየሁ እኔ ነኝ ወይስ አንተ?" ይላሉ አቶ እንድሪስ።

እንዲህ ሲባባሉ ረፋዱ ይደርሳል፤ ተመልሰው በየቤታቸው ይገባሉ። በሕይወታቸው ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አልነበራቸውም። የሚበልጥም አይፈልጉም ነበር።

የአቶ ሽብሩ ልጅ ግዛቸው በዋናው ከተማ ነግዶ የተሳካለት ሰው ነው። አባቱን ይወዳል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ክፉ ሰው ነበር ብላችሁ ነገሩን በቀላሉ እንዳታልፉት ነው። አንድ ጊዜ ከንግድ ሸሪኩ ጋር በዚያ በኩል ሲያልፍ አባቱን መንገድ ላይ አገኛቸው። ሱሪያቸው እስከ ጉልበት አቧራ ለብሷል፤ ውሻዋን እየተከተሉ ጮክ ብለው ይስቃሉ። ሸሪኩ በመኪናው መስኮት አየና "እኚህ ናቸው አባትህ?" አለው። ግዛቸው ፊቱ ቀላ። በልቡ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰው ምን ይለኛል?

በሳምንቱ ሊወስዳቸው መጣ።

"አባዬ፣ ከእንግዲህ ማረፍ አለብዎት። ከእኔ ጋር ይኖራሉ።"

"ደክሞኛል ብዬሃለሁ?"

"ለእርስዎ አስቤ ነው። ለአገር የሚተርፍ ቤት እያለኝ እርስዎ እዚህ አቧራ ላይ ሲንከራተቱ ሰው ምን ይላል?"

"ውሻዬስ?"

"ለጊዜው አቶ እንድሪስ ዘንድ ትቆይ። በኋላ አመጣታለሁ።"

አባት ልጃቸውን ማስቀየም አልፈለጉም፤ ሄዱ።

ቤቱ በእርግጥ የሚያምር ቤት ነው። ወለሉ ፊት ያሳያል። አጥሩ ከሰው ቁመት እጥፍ ይረዝማል፤ ከላይ የሽቦ እሾህ አለው። አቶ ሽብሩ ፎቅ ላይ ሰፊ ክፍል ከትልቅ ቴሌቪዥን ጋር ተሰጣቸው። ከቤት ልውጣ ሲሉ "መኪና ይበዛል፣ ይወድቃሉ" ተባሉ። ለዘበኛውም ብቻቸውን እንዳይወጡ ጥብቅ ትእዛዝ ተሰጠ። ደግመው ደጋግመው ሲጠይቁ ግዛቸው ባሉበት ሆነው የሚሮጡበትን ማሽን ገዝቶ ክፍላቸው ውስጥ አስገባ።

"ይኸው አባዬ፣ እንደልብዎ ይሂዱበት።"

ሽማግሌው ማሽኑን ዙሪያውን አዩት። "ይሄ የት ያደርሳል?"

"የትም አያደርስም። ለጤና ነው።"

"ከማን ጋር ነው የሚኬድበት?"

ግዛቸው ሳቀ። ጥያቄው ቀልድ መስሎት ነበር።

በየማዕዱ አባት ስለ ድንቢጥ ይጠይቃሉ፤ መቼ ትመጣለች? ትበላለች ወይ? የግዛቸው ሚስት ደግሞ በዚህ ወለል ላይ ውሻ እንደማትፈልግ ቁርጡን ተናግራለች። ግዛቸው ጥያቄው ሰለቸው። አንድ ቀን ምሳ ላይ አንገቱን ደፍቶ "አባዬ፣ አዝናለሁ፤ ድንቢጥ ሞታለች። መኪና ገጫት" አላቸው።

አቶ ሽብሩ ሊጎርሱት የነበረውን መልሰው ሳህኑ ላይ አኖሩ። ከዚያ "እንድሪስስ?" አሉ።

"እሳቸውም ከተማውን ለቀዋል። ልጃቸው ዘንድ ሄደዋል መሰለኝ።"

ሁለቱም ውሸት ነበር። ግዛቸው ግን ውሸት ተናገርኩ ብሎ አላሰበም። አባቴ እንዲረሱና እንዲያርፉ ረዳኋቸው ብሎ አሰበ። አቶ እንድሪስ ስልክ ሲደውሉም የሚያነሳው እሱ ነበር። "ሐኪም ከሰው ጋር እንዳያወሩ ከልክሏቸዋል" እያለ ይዘጋል።

ሽማግሌው ከዚያች ምሳ ወዲህ ዝም አሉ። ሲጠሯቸው ራሳቸውን ከመነቅነቅ ሌላ መልስ የላቸውም። ሐኪም መጣ፣ መድኃኒት ታዘዘ፣ ሌላ ሐኪም መጣ። ግዛቸው ከልቡ ተጨነቀ። የሚጠይቅ እንግዳም አልጠፋም። እንግዳው ሁሉ ያንን ክፍል፣ ያንን አልጋ፣ ያንን ማሽን እያየ "እንዲህ ያለ ልጅ ለሁላችን ይስጠን!" እያለ ይመርቃል። አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ ሽማግሌው ወደ ተቀመጡበት ወንበር ዞር ብሎ "እርስዎስ ምን ይፈልጋሉ?" አላለም። እኔን የሚያናድደኝ ከልጁ ይልቅ ይህ ምርቃት ነው። አፉን የተነጠቀ ሰው ፊት ቆሞ የነጠቀውን ማመስገን ምን የሚሉት ደግነት ነው?

አቶ እንድሪስ ግን ነገሩ አልዋጥላቸው አለ። "ሽብሩና ዝምታ? አይተዋወቁም" አሉ። ድንቢጥን ቀዳዳ ባበጁለት ካርቶን ውስጥ አስቀመጡና አውቶቡስ ተሳፈሩ። ረዳቱ ውሻ አልጭንም ብሎ ሲጨቃጨቅ፣ ካርቶኑን ጭናቸው ላይ አድርገው መንገዱን ሁሉ አቅፈዋት ሄዱ። ሰው እየጠየቁ የግዛቸውን በር አገኙ።

"ሽብሩን ጥራልኝ" አሉት ዘበኛውን።

"አባባ ታመዋል። እንግዳ አይገባም፤ ውሻ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም።"

"እኔ ልግባ አላልኩህም! እሱ ይውጣ ነው የምልህ!"

ጩኸታቸው ድንቢጥን አስደነገጣት፤ ካርቶኑ ውስጥ ሆና መጮህ ጀመረች። ፎቁ ላይ አቶ ሽብሩ ድምፁን ሰሙ። መጀመሪያ ጆሮዬ ነው ብለው ተጠራጠሩ። ከዚያ ድምፁን ለዩት። በነጠላ ጫማ ደረጃውን ወረዱ፤ ምራታቸው "አባባ፣ ወዴት ነው?" ስትል አልፈዋት ወደ በሩ ሄዱ።

ዘበኛው በሩ ላይ ቆመ። "አባባ፣ ጋሼ እንዳይወጡ ብለዋል።"

"ክፈት!" አሉ። ያንን ድምፅ በዚያ ግቢ ሰምቶት የሚያውቅ የለም። "እስረኛ ከሆንኩ ፍርዴን ንገረኝ፤ ካልሆንኩ ክፈት!"

ዘበኛው ከፈተ።

ድንቢጥ ካርቶኑን ገልብጣ ወጣች፤ እግራቸው ሥር ተጠቀለለች፣ ተነሳች፣ ደግሞ ተጠቀለለች። ሽማግሌው አስፋልቱ ዳር ቁጭ ብለው አንገቷን ያዙ።

"ምን ሆነሃል አንተ? ስንቴ ደወልኩልህ!" አሉ አቶ እንድሪስ።

"ለእኔ? አገር ለቀሃል አሉኝ እኮ። ይህቺ ደግሞ መኪና ገጭቷት..." አሉ አቶ ሽብሩ።

ሁለቱም ተያዩ። ማን እንዳለ መናገር አላስፈለገም። አቶ እንድሪስ ወዳጃቸውን በክንዳቸው ደግፈው አስነሱና አጥሩን ይዘው መሄድ ጀመሩ። ወንዝ የለም፤ ሾላም የለም። የመንገዱ ቦይ ውስጥ ግን ሣር በቅሏል፤ የኤሌክትሪክ ሽቦው ላይ ወፍ ሰፍራለች። አቶ ሽብሩ ከስንት ጊዜ በኋላ አፋቸውን ከፍተው ያወሩ ጀመር።

ግዛቸው በመኪናው ሲመለስ ያገኛቸው እንዲህ ሆነው ነው። ዘሎ ወረደ።

"አባዬ፣ ምን ነካዎት? በነጠላ ጫማ መንገድ ላይ! ይግቡ፣ ጎረቤት እያየን ነው።"

"ይየን! ይህችን ውሻም ይያት። ሞታ የተነሳች ውሻ በየቀኑ አይታይም።"

ግዛቸው ወደ ድንቢጥ አየ፤ ወዲያው ዓይኑን ሰበረ። "ለእርስዎ አስቤ ነው። እንዲረሷት ብዬ..."

"ለእኔ ስታስብ አንድ ቀን እንኳ እኔን ጠይቀህ ታውቃለህ? ያለፈቃዴ አመጣኸኝ፤ ልጄ ነህ ብዬ ቻልኩት። ዘጋህብኝ፤ ቻልኩት። በቁሟ ያለችውን ገድለህ፣ በሕይወት ያለውን ወዳጄን ሰውረህ፣ ተቀምጬ ሳዝንላቸው እያየህ ፊት ለፊቴ ምሳህን በላህ! ይህንን አልችልልህም።"

"ምን አጎደልኩብዎ አባዬ? ምን ያላደረግኩልዎ አለ?"

ሽማግሌው ከዘራቸውንና ጋቢያቸውን አስመጡ፤ ሌላ ዕቃ አልነኩም። በዚያው ቀን ከወዳጃቸውና ከውሻቸው ጋር ወደ ከተማቸው ተሳፈሩ።

አሁንም ጠዋት ጠዋት ወንዙን ይዘው ይወርዳሉ። አቶ ሽብሩ ለልጃቸው በራቸው እንዳልተዘጋ መልእክት ልከውለታል፤ "ስትመጣ የሚመች ጫማ አድርግ" ብለው። ግዛቸው ግን ተቀይሞ ቀርቷል። ላገኘው ሰው ሁሉ "ምን አጎደልኩባቸው?" ይላል፤ የሰማው ሁሉ ከንፈር እየመጠጠ "ሽማግሌ ሲጃጃል እንዲህ ነው" ይለዋል።

መልሱን እኔ ልንገረው። ያጎደልክባቸው ፈቃዳቸውን ነው። ሰው አርጅቶ ጉልበቱ ቢደክም፣ የሚወደውን መምረጥ አይደክመውም። መንገዱን፣ የሚያወራውን ሰው፣ የሚከተላትን ትንሽ ውሻ ወስደህበት በምትኩ ወርቅ ብታነጥፍለት ዘርፈኸዋል። ሰው እንዳያማህ ብለህ ያደረግኸውን ለአባቴ ብዬ ነው አትበል። ሳይጠይቁ መስጠት ሁልጊዜ ደግነት አይደለም፤ አንዳንዴ በር መዝጊያ ነው።

እናንተስ? ቤታችሁ ውስጥ በክብር አስቀምጠነዋል የምትሉት፣ ዝም ያለ ሰው የለም? ዛሬ ወዴት መሄድ፣ ከማን ጋር ማውራት እንደሚፈልግ የጠየቃችሁት መቼ ነው?