ዘጋሁ እስክልህ ያዝ

ሚኒባስ ያለው አንድ ሰው ነበረ።

ዝናሽ፣ የጠየቅሽኝን ትቼ አይደለም። «ከእህቴ ጋር ሽማግሌ አስታርቆን፣ ተሳስመን፣ አብረን በልተን፣ ለምንድነው እስካሁን ላምናት ያልቻልኩት? በቃ ይቅርብኝ ወይ?» ነው ያልሽው። አሸዋ የጫነው መኪና እስኪመጣ ሥራ የለንም፤ ቁጭ በይና ስሚኝ።

የሰውየው መኪና ፍሬን ሲረገጥ ወደ አንድ ጎን መጎተት ጀመረ። አንዱ የፊት ጎማ እንደ እሳት ይግላል። በማግስቱ ደግሞ እናቱን ሐኪም ቤት ማድረስ አለበት፤ ሐኪም ቤቱ ያለው ከትልቁ ቁልቁለት ግርጌ ነው፣ ሌላ መንገድ የለም። በዚያው ቀን እናቱን እንደጫነ መካኒክ ጋ ሄደ።

መካኒኩ መኪናውን በክሪክ አነሳ፣ ጎማውን ፈታ። ካሊፐሩ፣ ያ ዲስኩን ግራና ቀኝ ጨምቆ የሚያቆመው ብረት፣ ደርቋል፤ አንዴ ከያዘ አይለቅም። ብሎኖቹን ፈትቶ አወጣው። አዲሱን ገጠመ፣ የፍሬን ዘይት ቱቦውን አጠበቀ። «በል ሞክረው» አለ።

ሰውየው ረገጠ። ፔዳሉ ከእግሩ ጋር እስከ ወለሉ ገባ፤ የሚይዝ ነገር የለም።

«ይሄ ነው አዲስ ዕቃ?» ብሎ ጮኸ።

«ዕቃውን ተወው ወንድሜ፣ ዕቃው ደህና ነው። ስንፈታው ውስጡ አየር ገብቷል። አየር ደግሞ ብትረግጠው ይታመቃል እንጂ እንደ ዘይቱ አይገፋም። እናስወጣዋለን፣ ግን ለብቻዬ አልችልም። አንተ ላይ ሆነህ ርገጥ፣ እኔ ታች የአየር ማስወጫዋን ብሎን እከፍታለሁ። ዘጋሁ እስክልህ ያዝ።»

ሰውየው ረገጠ። መካኒኩ ከታች ሲያላላት ፔዳሉ ሰመጠ። ሰውየው ገደል የገባ መሰለው፣ ደንግጦ እግሩን አነሳ።

«ኧረ ያዝ! ሳልዘጋ ለቀቅክ እኮ! የወጣውን አየር መልሰህ ሳብከው!»

ደገሙት። አሁንም ሰመጠ፣ አሁንም አነሳ።

«ዘይቴንም ጨረስከው» አለ ሰውየው።

«ዘይቱ ካልፈሰሰ አየሩ በምን ይውጣ?»

እናትየው አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ ብላ ታያቸዋለች። «ይሄ ልጅ ቤትም እንዲሁ ነው» አለች። «ቅር ያለኝን ልነግረው አፌን ስከፍት ተነስቶ ይወጣል። ከዚያ ‹እማዬ አኮረፈች› ይላል።»

መካኒኩ መኪናው ስር ሆኖ ሳቀ። ሰውየው አልሳቀም። መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። «በል ክፈት» አለ።

ረገጠ። ሰመጠ። እግሩን ግን ወለሉ ላይ አቆየው። ከታች ፕስ እያለ አረፋ ወጣ።

«ዘጋሁ!»

ያኔ ለቀቀ። ዘይት ጨመሩ፣ ደግመው ደጋግመው ሠሩት። መጨረሻ ላይ ዘይቱ ያለ አረፋ ቀጥ ብሎ ወረደ። ሰውየው ሲረግጥ ፔዳሉ ከእግሩ ስር ጠንከር ብሎ ቆመ።

በማግስቱ የቁልቁለቱ አናት ላይ እናትየው «ይይዛል?» አለችው። ረገጠ፤ መኪናው ቆመ።

«እማዬ» አላት፣ «በይ አሁን ቅር ያለሽን ንገሪኝ።»

እስከ ታች ድረስ ነገረችው። እሱም ሳያቋርጣት እየሰማ ነዳ።

ዝናሽ፣ ሽማግሌዎቹ አዲሱን ገጥመውላችኋል። እርቁ ደህና ነው፣ አትፍቺው። ግን ስትጣሉ የገባ አየር አለ። ባለፈው እህትሽ «አባባ ሲታመም ብቻዬን ትተሽኝ» ብላ ስትጀምር ነጠላሽን አንስተሽ እንደወጣሽ የነገርሽኝ አንቺው ነሽ። በቃ እሱ ነው። እሷ ሳትዘጋ ለቀቅሽ።

እሁድ ሂጂና አንቺው አስጀምሪያት። ስትናገር ከእግርሽ ስር የሆነ ነገር ይሰምጥብሻል። ያስፈራል፣ ግን እየወደቅሽ አይደለም፤ አየሩ እየወጣ ነው። እሷ እስክትጨርስ ያዢ። በአንድ ቀን ላያልቅ ይችላል፣ ትደግሙታላችሁ። አንድ ቀን ግን ስትደገፊባት ትይዝሻለች።