«ይተነፍሳል» ያለችው ሚስት

አንድ ሹፌር ነበር፤ መቆም የሚፈራ ሹፌር። ጉድ በሉ! ሰው ፍጥነት ይፈራል፣ ገደል ይፈራል፣ ትራፊክ ፖሊስ ይፈራል። ይሄኛው የሚፈራው ፍሬን መያዝ ነው። መኪናዋ ስትሄድ ምንም አይላትም። ዳገት ትወጣለች፣ ጉድጓድ ትዘላለች፣ ጭነትም አትጠላም። እግሩን ከነዳጁ አንስቶ ፍሬኑ ላይ ያሳረፈ እንደሆነ ግን ተንዘፍዝፋ ተንዘፍዝፋ ጭጭ ትላለች፤ ሞተር የሚባል ነገር ኖሯት የማያውቅ ይመስል።

ስሙ ሰብስቤ ነው። ሃምሳዎቹን ያጋመሰ፣ ትከሻው የወደቀ፣ ከሰው ጋር ቆሞ ሲያወራ የሚደገፍበት ግድግዳ የሚፈልግ ሰው። ድካሙ የአንድ ቀን ድካም አይደለም። ሚስቱ አስናቀች ኩላሊቷን ከታመመች ሁለት ዓመት አልፏታል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ፣ ለእጥበት ይወስዳታል። ተራዋ ጠዋት አንድ ሰዓት ነው። እሷ አራት ሰዓት ሙሉ ማሽኑ ላይ ትተኛለች፤ እሱ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ይጠብቃታል። ከዚያ ቤት ያደርሳትና በዚያችው መኪና ለየሱቁ ዳቦ ሲያከፋፍል ይውላል። ሲገባ እሷ ተኝታለች። ሲነሳ ይቀሰቅሳታል፣ ይወጣሉ። ይኸው ነው ኑሯቸው።

እንግዲህ መኪናዋ መጥፋት የጀመረችው በዚህ መሀል ነው።

መጀመሪያ አንዴ ጠፋች፣ ሳቀባት። ሁለተኛ ጠፋች፣ ሰደባት። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ግን አደባባዩ ላይ ሦስት ጊዜ ጠፍታ ባትሪውም አብሮ ደከመ። እስኪገፏት፣ እስክትነሳ፣ አርባ ደቂቃ ሄደ። ሲደርሱ አልጋው ላይ ሌላ ሰው ሊተኛ ተዘጋጅቷል። ነርሷ አዝና፣ አስናቀችን ከአራት ሰዓቱ ቀንሳ አስተኛቻት። በማግስቱ የአስናቀች እግር አብጦ ጫማዋ አልገባም አለ። ሰብስቤ ያንን እግር አየና ጫማውን አንስቶ አልጋ ስር ከተተው።

ከዚያ ወዲያ ዘዴ አበጀ። እንዳይቆም ሆኖ መንዳት ጀመረ። ቀይ መብራት ከሩቅ ሲያይ እየተንፏቀቀ ይጠብቃል። እግረኛ ሲሻገር በጥሩምባ ያባርራል። ከገበያው በላይ ባለው ቁልቁለት ላይ ግን ዘዴው ከዳው። አህያ ፊቱ ገባች፣ ፍሬን ያዘ፣ ሞተሩ ጠፋ፣ ፍሬኑም እግሩ ስር ድንጋይ ሆነ። በሁለት እግሩ ቆሞበት፣ ከአንዲት ጎመን ነጋዴ ጉልበት አንድ ስንዝር ሲቀራት መኪናዋ ቆመች።

«ምነው ወንድሜ!» አለች ሴትየዋ ጎመኗን አቅፋ። «ልትገዛው ነው ልትገድለው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰብስቤ አልሳቀም። አስናቀች ዳሽቦርዱን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና ነበር።

ጋራዥ ያልዞረበት ሰፈር የለም። ሁሉም ጋ አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚሆነው።

«ምን ሆና ነው?» ይሉታል።

«ሞተሩ ይጠፋል። ፍሬን ስ...»

«ሞተር ነው? በቃ!» ኮፈኑ ተከፈተ። ሰብስቤ አፉን እንደከፈተ ይቀራል።

አንዱ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ቀየረ። አንዱ ካርቡራተሩን ፈቶ አጠበ። ሦስተኛው መኪና ቆሞ ሞተሩ የሚዞርበትን፣ ሚኒሞ የሚሉትን ፍጥነት ከፍ አድርጎ ለቀቀውና መኪናዋ እንደ ወፍጮ ቤት ስትጮህ ሰነበተች፤ ጎረቤት በሙሉ ሰብስቤ መግባት መውጣቱን በጆሮው አወቀ። ፍሬን ሲይዝ ግን ያው እየጮኸች ትጠፋለች። አራተኛው ቤንዚኑ ነው አለ። አንዲት ጎረቤት ደግሞ፣ «ዓይን ነው እባክህ፤ ጠበል አስረጭባት» አለችው። እሱንም አደረገ! እርጥብ ሆና ጠፋች።

አንድ ሐሙስ፣ ከእጥበት ሲመለሱ፣ አስናቀች ከመስኮቱ ዘወር አለችና፣

«ሰብስቤ፣ ይተነፍሳል እኮ» አለችው።

ሰብስቤ ክው አለ። ተንፏቅቆ ተንፏቅቆ ዳር ያዘ፣ ወረደ፣ አራቱንም ጎማ በጫማው መታ መታ አደረገ። ልቡ አላርፍ ብሎት ጎሚስታ ቤት ወሰዳት። ጎሚስታው ጎማዎቹን አንድ በአንድ ውኃ ውስጥ ነክሮ አየና፣ «አንድም የተነፈሰ የለም ጋሼ፤ ማን ነው የነገረዎት?» አለው።

ማክሰኞ ደግሞ ደገመችው። «ሰብስቤ፣ ጎማ አላልኩህም እኮ፣ እ...»

«አስናቀች፣ በናትሽ!» አለ። «አራት መካኒክ ያላገኘውን አንቺ ልትነግሪኝ ነው? የሌለ ነገር አታምጪብኝ።» የሬዲዮኑን ድምፅ ከፍ አደረገው።

ከዚያ ወዲያ አስናቀች ትንፍሽ አላለችም። ስለ መኪናዋም፣ ስለ ሌላውም። ሐሙስ ዕለት ማሽኑ ላይ ሲበርዳት የምትለብሰውን ጋቢ ሳትይዝ ወጣች። ሰብስቤ ባዶ ዘንቢሏን አይቶ ረስታው ነው አለ በልቡ። አልጠየቃትም። ድካም እንዲህ ነው፤ ዓይን ያያል፣ አፍ ይሰንፋል።

የዚያን ዕለት ሲመለሱ መኪናዋ ከአንድ ቆርቆሮ አጥር ፊት ለፊት ቀጥ አለች። ከአጥሩ ጀርባ ጋራዥ ነበር። በድሩ የሚባሉ ሽማግሌ መካኒክ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ወጡ። ኮፈኑን አልከፈቱም። ጣሪያውን ተደግፈው በመስኮቱ ጎንበስ አሉ።

«ምን ሆነች?»

«ሞተሩ ይጠፋል» አለ ሰብስቤ፤ ከዚያ እንደለመደው ኮፈኑ እስኪከፈት ጠበቀ።

ሽማግሌው ጠበቁት። ዝም ብለው ጠበቁት። ሰብስቤ ግራ ገባው።

«መቼ መቼ ነው የሚጠፋው?» አሉ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ሰብስቤን «መቼ» ያለው አልነበረማ! «ፍሬን ስይዝ» አለ። «ፍሬን ስይዝ ብቻ ጋሼ።»

«ስትይዝ የሚሰማ ነገር አለ?»

«ምንም።»

«ከአንተ ሌላ ማን ይሳፈርባታል?»

«ባለቤቴ ናት። ይቺው።»

«እሷስ ምን ትላለች?»

ሰብስቤ ፈገግ አለ። «እሷ ምን ታውቃለች ጋሼ፤ መሪ እንኳ ጨብጣ አታውቅም።»

«ትነዳለች ወይ መች አልኩህ?» አሉ ሽማግሌው። «ትሰማለች ወይ ነው ያልኩት።» መኪናዋን ዞረው በእሷ በኩል መጡ። «እህቴ፣ እርስዎ የሰሙት ነገር አለ?»

አስናቀች ጭንቅላቷን ከመስኮቱ አላነሳችም። «ተናግሬ ነበር» አለች። «ይተነፍሳል ብዬ።»

«ጎማውን አይቼላታለሁ ጋሼ!» አለ ሰብስቤ ከወዲያ። «ጎሚስታው ውኃ ውስጥ ነክሮ...»

«ጎማ መች አልኩህ!» አለች አስናቀች። ከማክሰኞ ወዲህ ገና አሁን ድምጿ ወጣ። «እግርህ ስር ነው ልልህ የነበረው! ልጨርስ ስል ሬዲዮኑን አስጮህክብኝ! በረገጥክ ቁጥር እግርህ ስር የሆነ ነገር እፎይ ይላል። እንደ ሰው። እፎይ ይልና ከዚያ ነው መኪናዋ የምትጠፋው። አንተ ያን ጊዜ ትሳደባለህ፣ ሬዲዮኑ ይጮኻል፣ በምን ጆሮህ ትሰማዋለህ? እኔ ዝም ብዬ የምቀመጥ ሰው ነኝ፤ እኔ ነኝ የምሰማው።»

ሽማግሌው ወደ ጋራዡ ዞረው፣ «ጎበዝ፣ መዶሻው ይቁም!» ብለው ጮኹ። ቆመ። ሬዲዮኑን ራሳቸው ዘጉት። «አስነሳ» አሉት። ሞተሩ ተነሳ። «አሁን ቀስ ብለህ ርገጥ።»

ሰብስቤ ረገጠ። እፎይይይ... አለ እግሩ ስር። መኪናዋ ተንዘፈዘፈች፣ ጠፋች።

 ሰብስቤ እግሩን እያየ ቀረ። ስንት ወር ሙሉ እዚያው ጫማው ስር ሲተነፍስበት ኖሯል!

በድሩ ኮፈኑን የከፈቱት ያን ጊዜ ነው። ከሹፌሩ ፊት ለፊት የሞተሩ ክፍል ግድግዳ ላይ የተጣበቀ፣ ድስት የሚያህል ጥቁር ክብ ነገር አሳዩት። ከሞተሩ ወደ እሱ የሚሄደውን ቱቦ ነቅለው፣ በሞተሩ በኩል የቀረውን ቀዳዳ በእንጨት ወተፉት።

«አስነሳና ርገጥ። ይሄ ለማየት ብቻ ነው፤ እንዲህ ሆና አትነዳም።»

ረገጠ። ፔዳሉ ድንጋይ ሆነበት፤ ሞተሩ ግን አልጠፋም። ደግሞ ረገጠ። አልጠፋም።

«ይሄ ሰርቮ ይባላል» አሉ። «ከሞተሩ ትንፋሽ እየተዋሰ ፍሬኑን ለእግርህ የሚያቀልልህ እሱ ነው። ውስጡ ስስ ጎማ አለ፣ እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረ። ተቀዷል። በረገጥክ ቁጥር በቀዳዳው አየር እየገባ ሞተሩን ያንቀዋል። ሞተርህ ጤነኛ ነው ወንድሜ። የተቀደደው የሚያግዘው ነው።»

የሚያግዘው ነው የተቀደደው። ሰብስቤ ይሄን ሲሰማ ከመኪናዋ ወርዶ አጥሩን ተደገፈ።

የዚያን ቀን በሰው መኪና ወደ ቤት ገቡ። ዓርብ ዕለት ሽማግሌው ከቆመች መኪና ላይ ደህና ሰርቮ ፈተው ገጠሙላት። ቅዳሜ ጠዋት ሰብስቤና አስናቀች ወጡ።

ያን የገበያውን ቁልቁለት ወረዱ። ታች ቀይ መብራት በራ። ሰብስቤ ትንፋሹን ዋጠና ፍሬን ያዘ። መኪናዋ በቀስታ ቆመች። ሞተሩ ሥራውን ቀጠለ። ሬዲዮኑ ዝግ ነበር። ከስንት ጊዜ በኋላ ሁለቱ ሰዎች ዝም ያለ ቦታ ላይ አብረው ተቀመጡ።

ዘንቢሏን አየ። ዛሬም ጋቢው የለም።

«አስናቀች፣ ጋቢሽስ?»

«ሰብስቤ» አለች ወደ ፊት እያየች፣ «ማሽኑን ልተወው ብዬ ነበር። ሐሙስ የመጨረሻዬ ትሁን ብዬ ነው ጋቢውን የተውኩት። ዛሬም እዚያው ደርሼ፣ ነርሷን ተሰናብቼ ልመለስ ብዬ ነው የወጣሁት።»

ሰብስቤ አፉ ላይ ብዙ ነገር መጣ። ይሄ ሁሉ ልፋት ለማን ነው፣ ዕብድ ነሽ ወይ፣ ሐኪሙ ምን እንዳለ ረሳሽው... ሁሉም ምላሱ ላይ ተሰልፎ ነበር። ግን አንዴ እግሩ ስር የሚተነፍሰውን ሰምቷል። ያንን ሁሉ ዋጠውና፣

«መቼ መቼ ነው የሚብስብሽ?» አላት።

አስናቀች ዘወር ብላ አየችው። እንደዚህ ብሎ የጠየቃት አልነበረማ!

«እዚያ እያለሁ ደህና ነኝ» አለች። «መኪናም ላይ ደህና ነኝ፤ እየሄድን ነዋ። ቤት አስገብተኸኝ፣ አንተ ለዳቦው ስትቸኩል፣ በሩ ሲዘጋ ነው። ስቆም ነው ሰብስቤ። ስቆም ነው የምጠፋው።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላ ጥሩምባ ተነፋ፣ ታክሲው ተሳደበ፣ አንዱማ መስኮቱን ከፍቶ፣ «አባት፣ ጠፋች እንዴ? እንግፋልህ?» አለ። መኪናዋ ግን አልጠፋችም። የቆመው ሰብስቤ ነው።

«ዛሬ ለእጥበቱ ግቢ» አላት ኋላ። «ስትወጪ ቤት አብሬሽ እገባለሁ። ዳቦው ይቆየኝ።»

ገባች። ጋቢ ስላልነበራት የእሱን ኮት ለብሳ ተኛች። ሲመለሱ ሰብስቤ መኪናዋን አቆመ፣ ቁልፉን ሚስማሩ ላይ ሰቀለ፣ ጫማውን አወለቀና ከአልጋዋ ጎን ተቀመጠ። ባለሱቆቹ ደወሉ። «ዛሬ ይዘገያል» አላቸው። በሩ ሲዘጋ ሁለቱም ከውስጥ ነበሩ። ከዚያ ቅዳሜ ወዲያ በሦስቱ ቀናት ዳቦው የሚወጣው አስናቀች እንቅልፍ ከወሰዳት በኋላ ነው፤ ጋቢውም ወደ ዘንቢሉ ተመለሰ።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ታሪኩ ይሄው ነው። ሰብስቤ በመካኒኮቹ ተናደደ እንጂ፣ እነሱ ለእሱ ያደረጉትን እሱ ለሚስቱ እያደረገ ነበር። እነሱ «ሞተር» የምትለዋን ሰምተው ኮፈን ከፈቱ፤ እሱ «ይተነፍሳል» የምትለዋን ሰምቶ ጎማ መታ። ማንም እስከ መጨረሻው አልሰማም። ሰው ሲጠፋባችሁ ለመክፈትና ለመፍታት አትቸኩሉ። መጀመሪያ «መቼ?» በሉት፤ ከዚያ እስኪጨርስ ጠብቁት። የሚያግዘውንም ሰው እዩት፤ ምናልባት የተቀደደው እሱ ይሆናል።

እስቲ ሬዲዮናችሁን ለአንድ አፍታ ዝጉና ስሙ፤ በእናንተ ቤት አጠገባችሁ ተቀምጦ የሚተነፍሰው ማን ነው?