ፊት የተሣለባት ፀሐይ

አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ሠዓሊ ነበር፤ አምሳሉ ይባላል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የሳሙና ማስታወቂያ ሲሠራ ኖሮ፣ የአረፋ ነገር ከእሱ በላይ የሚያውቅ በአገሩ አልተገኘም። ሰው ግን ሳሙናውን ይገዛል እንጂ አረፋውን ማን ሣለው ብሎ አይጠይቅም። ይህ ነገር አምሳሉን ውስጥ ውስጡን ይበላው ነበር። እግዜር ሲፈቅድ አንድ ቀን የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ቢሮው አስጠራው።

«የአየር ትንበያችንን የሚያየው የለም» አለው። «ካርታው ደብዝዟል፣ ቁጥሩም እንደ ቅንጣት ጤፍ አንሷል። አንተ አድሰው። ግን ከወዲሁ ልንገርህ፤ እኔ ተመልካች መኖሩን የማውቀው ስልክ ሲጮኽ ነው። ቢያመሰግኑህም ቢሰድቡህም ግድ የለኝም። ስልኩ እስከጮኸ ድረስ ቦታው የአንተ ነው። ዝም ያለ ቀን ወደ አረፋህ ትመለሳለህ።»

አምሳሉ ወር ሙሉ ተጨነቀ፤ ሣለ፣ ሰረዘ፣ እንደገና ሣለ። በመጨረሻ ለፀሐይ ፊት አወጣላት። ክብ ጉንጭና ሁለት ረድፍ ነጭ ጥርስ ሰጣት። ደመናውን ደግሞ ግንባሩን አኮሳትሮ፣ ከዓይኑ እንባ እንዲንጠባጠብ አደረገው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ አንዴ አይቶ ይረዳዋል ሲል አሰበ። ፀሐይ ከሳቀች ነገ ደግ ቀን ነው፤ ደመናው ካለቀሰ ክፉ ቀን ነው። ትንበያውን ሃያ ዓመት ያነበቡት ጋሽ ደምሰው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ካርታውን አዩና፣ «ሥዕሉስ ሸጋ ነው። ግን ይኼ ደመና ማን ሞቶበት ነው?» አሉ። አምሳሉ ቀልድ መስሎት ሳቀ።

አዲሱ ካርታ በታየ ማግስት ስልኩ ዕረፍት አጣ። ቅዳሜ ልጃቸውን የሚድሩ አንዲት እናት ደውለው፣ «ፀሐይቱ ጥርሷን ስታሳይ ብቻዬን እልል አልኩ» አሉ። ልብስ አጥባ የምታድር አንዲት ሴት እጅህን ይባርከው ብላ መረቀችው። አንዱ ደግሞ፣ «ደመናው ቁርጥ አማቴን ነው የሚመስለው፤ እባካችሁ እንዳትቀይሩት» አለ። ሠፈሩ ሳይቀር «የፀሐይዋ ሰውዬ» እያለ ይጠራው ጀመር። የአምሳሉ ልብ ቅቤ ጠጣ። ለአሥራ ሁለት ዓመት የተራበውን ምስጋና በአንድ ሳምንት ጠገበው። እውነቱን ለመናገር፣ ማታ ማታ ቴሌቪዥን ሲከፍት የሚያየው የነገውን አየር ሳይሆን የራሱን ሥራ ነበር።

ሦስት ወር ያህል እንዲህ ሆኖ ከረመ። ከዚያ በኋላ ከሩቅ ቆላ አንድ አርብቶ አደር ሽማግሌ ደወሉ። ሼህ አወል ይባላሉ።

«ይችን ፀሐይ የሣልካት አንተ ነህ?» አሉ።

«አዎ አባቴ፣ እኔ ነኝ» አለ አምሳሉ፣ ምርቃቱን ለመቀበል ተዘጋጅቶ።

«ልጄ፣ እኛ አገር ዝናብ ከጠፋ ስምንተኛ ወሩን ይዟል። ከብቶቻችን በየመንገዱ ወድቀው ቀርተዋል። ማታ ሻይ ቤት ተሰብስበን ትንበያውን ስንጠብቅ፣ ፀሐይቱ በእኛ አገር ላይ ጥርሷን ገልጣ ትስቃለች። ምን በድለናት ነው?»

ሽማግሌው አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ለአምሳሉ ይሻለው ነበር። «ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ደመናው ያለቅሳል አሉኝ» ብለው ቀጠሉ። «እኛ ጋ ዝናብ በመጣ ቀን የሚያለቅስ ሰው ካለ ከደስታ ብዛት ነው። የአገሬ ሰዎች ይህን ንገሩት ስላሉኝ ነው የደወልኩ። ደህና ሁን።»

አምሳሉ በጣም አፈረ። አምሳሉ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያደገበት ከተማ ዝናብን የሚያውቀው በጭቃውና በታክሲ ሰልፉ ብቻ ሆኖበት ነው። በዚያው ሳምንት ካርታውን ገለበጠው። የፀሐይዋን ጥርስ አጥፍቶ ቅንድቧን አኮሳተረው፤ ደመናውን እንባውን አብሶ ጉንጩን ነፍቶ አሳቀው። ስልኩ እንደገና ነደደ። የከተማው ሰው «ፀሐይቱን ምን ነካት?» እያለ አማረረ። ከቆላ ግን ምርቃት እንደ ጎርፍ ወረደ። ሥራ አስኪያጁ የስልኩን ጩኸት በሰማ ቁጥር እጁን ያፋትጋል፤ ስለምን እንደሚጮኽ አልጠየቀም። አምሳሉም ስህተቱን ያረመ መሰለው። ክረምቱን ሙሉ ደመናው ሲስቅ ከረመ፤ ገበሬውም ዘሩ ሲያምርለት አብሮ ሳቀ።

ኅዳር ገባ። ኅዳር ጤፍ የሚታጨድበት፣ ገበሬ ሰማይ ሰማዩን እያየ የሚሰጋበት ወር ነው። በዚያ ወር አንድ ቀን ያለ ጊዜው የመጣ ከባድ ዝናብ ወደ ወይና ደጋው እያመራ መሆኑን ጋሽ ደምሰው አነበቡ። ካርታው ላይም ደመናው ጉንጩን ነፍቶ ሳቀ። ዘርፌ የምትባል አንዲት ገበሬ በቀበሌዋ የኅብረት ሱቅ ቆማ ያንን ካርታ አየች። የሱቁ ቴሌቪዥን ድምፁ ከተበላሸ ዓመት አልፎታል፤ ሰዉ ሥዕሉን እያየ ነው የሚረዳ። ዘርፌ አየችና ልቧ አርፎ ወደ ቤቷ ሄደች።

ከሁለት ቀን በኋላ ደወለች። «ወንድሜ» አለችው፣ «ደመናው ሲስቅ አይቼ፣ የሚስቅ እንግዳ ክፉ ይዞ አይመጣም ብዬ ያጨድኩትን ጤፍ ሳልከምር አደርኩ። ዝናቡ ማሳ ላይ አገኘው። እኔስ የሆነው ሆኗል። ሌላ ሰው እንዳይታለል ብዬ ነው የደወልኩ።»

አምሳሉ ስልኩን ዘጋ። በማግስቱ ፈቃድ ጠይቆ አውቶቡስ ተሳፈረና ዘርፌ ወዳለችበት አገር ወረደ። መንገድ ላይ ሳለ አንድ መላ መጣለት። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ለየአገሩ ለየብቻው ፊት ልሥራ አለ። በቆላ ደመናው ይሳቅ፤ በወይና ደጋው በኅዳር ያልቅስ፣ በሐምሌ ይሳቅ። ከተማው ላይ እንደ ድሮው ፀሐይ ትሳቅ። አድካሚ ነው፤ ግን ማንንም አያስከፋም ብሎ ራሱን አጽናና።

ዘርፌ ማሳዋን አሳየችው። ነጭ የነበረው ጤፍ ጠቁሮ፣ ከነዶው ውስጥ አረንጓዴ ቡቃያ ብቅ ብቅ ብሏል። እጇን ሰድዳ አንዱን ነዶ አነሣችና መልሳ አስቀመጠችው። «ይቅር በይኝ እህቴ» አለ አምሳሉ። እሷም፣ «ዝናቡን አንተ አልጠራኸው» አለችና ወደ ታችኛው መሬት ይዛው ወረደች። እዚያ ባሏ ታፈረ ሽምብራ ያርማል። ሽምብራው ለምልሞ ዓይን ይስባል።

«ይኼስ አምሮበታል» አለ አምሳሉ።

ታፈረ ሚስቱን ሰረቅ አድርጎ አያትና ድምፁን ቀነሰ። «ያው ዝናብ ነው ያዳነው» አለ። «ሊጠወልግ ሁለት ቀን ቢቀረው ነው። እሷ ፊት ግን ደስ አለኝ ማለት ይከብደኛል።»

ያን ጊዜ የአምሳሉ የመንገድ ላይ መላ ሁሉ ፈረሰ። አገርን ከአገር ቢለይ፣ ወርን ከወር ቢለይ፣ አንድ ጎጆ ውስጥ የሚያድሩ ባልና ሚስትን በምን ይለያል? አንዱ ዝናብ የሚስትን ጤፍ አበላሽቶ የባልን ሽምብራ አድኗል። በዚህ ቤት ላይ የሚቆመው ደመና ይሳቅ ወይስ ያልቅስ?

«እንግዲያው አንቺው ንገሪኝ» አላት ለዘርፌ። «እዚህ እናንተ ጋ ደመናው ላይ ምን ዓይነት ፊት ልሣልበት?»

ዘርፌ ነገሩ ገርሟት አየችው። «ፊት ምን ያደርግለታል?» አለች። «አንተ ዝናብ ይመጣል በለኝ። ብዙ ከሆነ ብዙ ነው፣ ትንሽ ከሆነ ትንሽ ነው በለኝ። መሳቁንም ማልቀሱንም እኔ አውቅበታለሁ።»

አምሳሉ ተመልሶ ካርታውን እንደገና ሠራው። የሠራውን ፊት በገዛ እጁ ሲያጠፋ ልቡ አልቆረጠለትም፤ ሰው እንዲወደው ያደረገው እሱ ነውና። ቢሆንም አጠፋው። ፀሐይ ቢጫ ክብ ብቻ ሆነች። ደመናው ደመና ሆነ። ለትንሽ ዝናብ አንድ ጠብታ፣ ለከባድ ዝናብ ሦስት ትልልቅ ጠብታዎች አደረገ፤ የየአገሩን ስም ከሩቅ እንዲነበብ አጉልቶ ጻፈ። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዘግቶ ሲያየው ሁሉም ገባው። እንደ በፊቱ ግን የሚያሳሳ ሥዕል አልነበረም።

ስልኩ ዝም አለ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ወር ሙሉ ዝም አለ። የሚያመሰግን ጠፋ፣ የሚሰድብም ጠፋ። ሥራ አስኪያጁ አምሳሉን ጠራው።

«ምን አደረግክብኝ? ሰዉ እኮ ረሳን!» አለ። «ፊቱን መልስበት። ያልቅስ፣ ይሳቅ፣ ያዛጋ፣ እንደፈለግክ፤ ብቻ ስልኩ ይጩህልኝ።»

ጋሽ ደምሰው እዚያው ነበሩ። «ጌታዬ» አሉ፣ «ሰው የመስኮቱን መስተዋት የሚያስታውሰው ሲቆሽሽ ነው። ጥሩ ሲሆን በውስጡ አሻግሮ ውጭ ውጭውን ያያል።»

ሥራ አስኪያጁ ግን የመስኮት ወሬ ለመስማት አልጠራቸውም። «ወይ ፊቱን መልስ፣ ወይ ወደ አረፋህ ተመለስ» ሲል ቆረጠው። አምሳሉ ጥቂት አሰበ። የሳሙናው ክፍል ጨለማ ነው፤ ስሙን የሚጠራው የለም፤ ሠፈሩም «የፀሐይዋ ሰውዬ» ማለቱን ትቷል። ይህ ሁሉ በልቡ አለፈ፤ መረረውም።

«ፊቱን አልመልስም፣ ጌታዬ» አለ። «ወደ አረፋዬ እሄዳለሁ።»

ሄደም። ሥራ አስኪያጁ ለካርታው ሌላ ሠዓሊ እፈልጋለሁ ብሎ ሲፎክር ቆየና፣ ሌላ ጉዳይ መጥቶበት ተወው። ካርታው ያለ ፊት ቀረ። አምሳሉ ማለዳ ገብቶ ማታ እስኪወጣ አረፋ ይሥላል። አንዳንድ ቀን ይቆጨዋል፤ ስለ እውነት ብዬ ነው እንዲህ የሆንኩት እያለ ራሱን ያጽናና ነበር ብንል ውሸት ይሆንብናል። ማንም ያልጠየቀኝን ነገር አድርጌ እንጀራዬን አበላሸሁ የሚልበት ቀንም ነበር።

ዓመት ዞሮ ኅዳር ሲመጣ፣ ጋሽ ደምሰው አንድ ጠዋት ወደ ሳሙናው ክፍል ገቡ።

«ትናንት ማታ ከትንበያው በኋላ ስልክ ተደወለ» አሉት። «ያቺ ዘርፌ የምትባለው ገበሬ ናት።»

አምሳሉ ብሩሹን አስቀመጠ። «ስለ ካርታው ምን አለች?»

«ስለ ካርታውማ አንድም ቃል አልተነፈሰች። ሦስት ጠብታ አይታለች። ዝናቡ የሚገባው ከቀትር በፊት ነው ወይስ በኋላ አለችኝ። ምናልባት ከቀትር በኋላ ነው አልኳት። እንግዲያው ነዶዬን ከምሬ እደርስበታለሁ ብላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው፤ ደህና እደሩ እንኳ ሳትለኝ።»

አምሳሉ ከመቀመጫው ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ሄደና ሰማዩን አየ። ገና ብሩህ ነበር። ከቀትር በፊት ምን ያህል ነዶ እንደሚከመር ማሰብ ጀመረ፤ ታፈረም ሽምብራውን ትቶ ሲያግዛት ታየው። ያን ጊዜ ልቡን የሞላው ደስታ፣ ሠፈሩ ሁሉ ሲያወድሰው ከተሰማው ደስታ ይበልጥ ነበር። ጋሽ ደምሰው እንዳያዩበት ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

እንግዲህ ወዳጄ፣ ወሬ ማድረስ አንድ ነገር ነው፤ ሰው ወሬውን ሰምቶ ምን ሊሰማው እንደሚገባ መወሰን ሌላ ነው። መልእክተኛ የራሱን ደስታና የራሱን ፍርሃት በመልእክቱ ላይ ከቀባበት፣ ሰሚው የሚያየው የመልእክተኛውን ፊት ነው፤ የሚመጣበትን ነገር ግን ሳያይ ያድራል። የሰውን ኑሮ ከባለቤቱ በላይ የሚያውቅ የለም። እውነቱን በልኩ ካደረስክለት፣ የሚደሰትበትን ደስ ይለዋል፣ የሚከምረውን ይከምራል። ላንተም አመሰግናለሁ ሳይልህ ይሄድ ይሆናል። ያ ምስጋና ባይደርስህም ሥራህ ግን ከቦታው ደርሷል።

እስቲ ራስህን ጠይቅ፤ ትናንት ለጎረቤትህ፣ ለልጅህ ወይም ለወዳጅህ ባደረስከው ወሬ ላይ የማንን ፊት ሥለህበት ነበር?