ቃጭል የሌለው ጋሪ

ተረት ተረት። የላም በረት ካላችሁኝ ልቀጥል።

ጦጣ ለድሆች ጋሪ እየሠራች ትኖር ነበር። አንድ ቀን ሊያገባ የተነሣው አያ አንበሶ ጠራትና፣ «ሙሽራዬ ስትቀመጥበት የማን ሚስት እንደሆነች የሚያስታውቅ ጋሪ ሥሪልኝ። ካሳፈርሽኝ የሠርጉ ወጥ አንቺ ነሽ» አላት።

ሚዜው ሚዳቋ፣ «ጀንበር ሳትጠልቅ ዳገቱን የሚወጣ ይሁን» አለ። ጋሪውን የሚጎትተው አህያ ደግሞ፣ «ለእኔ የተመደበልኝ አንድ እስር ሣር ነው፤ እሱን አትርሱ» አለ።

ጎረቤቶቿ ናስ ለጥፊበት፣ ቃጭል አንጠልጥዪበት ብለው መከሯት። ጦጣ ግን፣ «ድምፁ ለጆሮ፣ ክብደቱ ለአህያ» አለች በልቧ። እንጨቱን ፋቀች፣ ደግማ ፋቀች፤ መንኮራኩሮቹ የሚዞሩበትንም ዘንግ ቅቤ አጠጣችው።

በሠርጉ ቀን አንበሳ ጋሪውን ዞሮ አየና፣ «ቃጭሉስ?» ብሎ አጉረመረመ።

«ጌታዬ፣ መጀመሪያ ሙሽራዋ ትቀመጥበት» አለች ጦጣ ሳትደነግጥ።

የአጃቢዎቹ ጋሪዎች ከነናሳቸው ዳገቱ ወገብ ላይ ቀሩ። የሙሽራዋ ጋሪ ግን ጀንበር ሳታዘቀዝቅ ከአንበሳ ደጃፍ ደረሰ፤ ከአህያው ሣርም ግማሹ ተርፎ ነበር። ቤተ ዘመዱ እልል ሲል ሙሽራዋ ከእንቅልፏ ነቃችና ዓይኗን እያሸች፣ «አያ አንበሶ፣ መቼ ነው የምንነሣው?» አለች።

ተረቴን ተቀበሉ፤ አፌን የማብስበትን ዳቦ አቀብሉኝ።